ሊሚ እንዳትሰማ

ሰኞ፣ ግንቦት 18

ለመላው የጉለሌ ነዋሪ፣ ለቅርብም ለሩቅም ወዳጅ ዘመድ… የግራ እግሬ ነጠላ ጫማ ባደረባት የማሰሪያ መበጠስ ዛሬ ረፋድ ላይ ከቧንቧው አጠገብ ይህችን ዓለም ተሰናብታለች። የቀኝ እግሬ መንታ እህቷ በጥልቅ ሐዘን ላይ ትገኛለች። ሥርዓተ ቀብሯ ከሰዓት በኋላ በቆሻሻ ገንዳው ይፈጸማል።

ሌላ ዜና የለም። ማለቴ… ያለው አንድ ነው፣ እሱም ከዜና ይልቅ ማስፈራሪያ ይባላል። ሰኔ 12 ድጋሚ ፈተና። ከወደቅኩ ከዩኒቨርሲቲው እሰናበታለሁ። "ሊሚ ኡርጌሳ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ… ነበረች።" ይሄ ሁሉ በኢንዳክሽን ምክንያት።

ለራሴ ላስረዳ። አንድ ነገር ለሁሉም ቁጥር እውነት ነው ለማለት ሁለት ነገር ይበቃል። መነሻ፦ ለመጀመሪያው ቁጥር እውነት መሆኑን ማሳየት። እርምጃ፦ ለአንዱ ቁጥር እውነት ከሆነ ለቀጣዩም እውነት መሆኑን ማሳየት። በቃ። ከዚያ በኋላ ቁጥሮቹ አንዱ ለአንዱ እየተቀባበሉ ራሳቸው ይሄዳሉ፣ ማለቂያ የላቸውም። አስተማሪው ሲያስረዳው ሕፃን ይገባዋል። እኔ ግን ባለፈው መነሻውን ዘልዬ ቀጥታ እርምጃው ውስጥ ገባሁ። በቀይ እስክሪብቶ "ይሄ ሁሉ ከየት ተነስቶ?" ብሎ ጽፎብኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው።

አባዬ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው፣ ተሳቢውን ይዞ። እናቴ ካለፈች ወዲህ ቤቱ የእኔና የእሱ ብቻ ነው። "ኢንዳክሽን የሚባለውን ሰውዬ ደብድበሽ ጠብቂኝ" ብሎኝ ሄደ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

ከአንድ እስከ የፈለጉት ቁጥር ድረስ ሲደመር ስንት ይመጣል… ሠራሁት። መነሻውም አለ፣ እርምጃውም አለ። ቆሜ ለራሴ አጨበጨብኩ።

ዳቦ ልገዛ ሸምሰዲን ሱቅ ወረድኩ። ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፣ ከአንድ ደንበኛ ጋር ስለ ኳስ ይሟገታል። ደጃፉ ስደርስ ዝም አለ። ደንበኛውም ዝም አለ። ሬዲዮኑን ዘጋው። ሬዲዮ የሚዘጋልኝ ማን ሆኜ ነው?

"አራት ዳቦ፣ ሸምሴ።"

ከባንኮኒው ጀርባ ወጣ። ሸምሰዲን ከዚያ ሲወጣ አይቼ አላውቅም፤ እግር እንዳለው በይፋ የተረጋገጠው ዛሬ ነው። ፌስታሉን በሁለት እጁ አቀበለኝ።

"ፈተናሽ መቼ ነው ያልሽኝ?"

"ሰኔ አሥራ ሁለት።"

"እ… ማለቴ… አላህ ያግዝሽ። አይዞሽ።"

"አይዞሽ" ሲል ዓይኑ ዳቦው ላይ ነው። ዳቦውን ነው ያጽናናው?

ዓርብ፣ ግንቦት 22

ቧንቧው ላይ ወረፋ። ሲያዩኝ ሁሉም ጀሪካናቸውን ይዘው ወደኋላ አሉ። "ግቢ፣ ግቢ፣ አንቺ ቅጂ።" በዚህ ሰፈር የውሃ ወረፋ የሚለቅ ሰው ወይ ትኩሳት ይዞታል ወይ ለምርጫ ሊወዳደር ነው።

እትዬ ኡሙሀኒ፣ የሸምሰዲን ሚስት፣ ጀሪካኔን ራሷ ተሸከመችልኝ። ደጄ ላይ አስቀምጣ ጉንጬን በመዳፏ ያዘች። መዳፏ ረጥቦ በርዷል። አለቀቀችኝም።

"ብይ እሺ? ዝም ብለሽ አታጥኚ። ብይ።"

"እበላለሁ እኮ እትዬ።"

"ከፈተናው በኋላ እንጫወታለን።"

ምኑን?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23

ከማንኛውም ቁጥር ኩብ ላይ ቁጥሩ ራሱ ሲቀነስ ለሦስት ይካፈላል፤ ተረጋገጠ። የአባዬ ስልክ ዝግ ነው፤ መቼም በረሃው ላይ ኔትወርክ…

ሰኞ፣ ግንቦት 25

ጋሽ ፀሐዬ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ማዳመጫ ከገዛሁ ጀምሮ ለእኔ ያላቸው ንግግር አንድ ነው፦ "አንቺ! ያንን ነገር ከጆሮሽ አውጪ!" ዛሬ ማዳመጫዬን ሰክቼ በፊታቸው አለፍኩ፣ ሆን ብዬ። ስድቤን ልቀበል ተዘጋጅቼ።

ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ባርኔጣቸውን! ለእኔ!

"እንደምን አደርሽ ልጄ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ እንዴት አደሩ?"

"ፈተናው… መቼ ነበር?"

ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ በልባቸው ቀን እንደሚቆጥር ሰው። ሰፈሩ በሙሉ በኢንዳክሽን እንቅልፍ ካጣ ጉለሌ የሂሳብ ሊቃውንት መፍለቂያ መሆኗ ነው። ለታሪክ ይመዝገብ።

ቀልዱን ጻፍኩት እንጂ አልሳቅኩም። ስሄድ ከኋላዬ ያዩኛል። ዞር ስል ሁሉም ሌላ ነገር ያያሉ። ሰማዩን። ጫማቸውን። የእንጦጦን ጉም። አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። የማላውቃት! እሷ ግን ታውቀኛለች።

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

ያንን ፊት የት እንደማውቀው ትዝ አለኝ።

እሌኒ፣ ጎረቤቴና አብሮ አደጌ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልንፈተን ስንል አያቷ አረፉ። ሽማግሌዎቹ "እስከ ፈተናው እንዳትሰማ" አሉ፤ ሰፈሩ በሙሉ ዋጠው። እኔም ዋጥኩት። አብሬያት አጠናሁ፣ አብሬያት በላሁ፣ ፊቴን እንደ ሙሉ ትሪ እንዳይፈስብኝ እየያዝኩ። ፈተናው ባለቀ ማግስት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰብሰብ ብለው በሯን አንኳኩ። መርዶ። ደግነት ነው፣ ማንም ክፉ አልሠራም።

ፊቱ ያ ነው። ሸምሰዲን ያንን ፊት ይዟል። ጋሽ ፀሐዬም። ቧንቧው ላይ ያሉት ሁሉ።

ማን ሞቶብኝ ነው?

እንደ ሂሳብ እንሥራው ቢባል… አጎት የለኝም፣ አክስት የለኝም። ከዝርዝሩ ላይ የሚቀረው አንድ ሰው ነው።

"የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም።" የስልኳ ሴትዮ እንኳ ድምጿ ተለውጧል። ማባበል ጀምራለች።

ዓርብ፣ ግንቦት 29

ጠንካራ ኢንዳክሽን። በተራው ኢንዳክሽን አንድ ቁጥር የሚተማመነው ከፊቱ ባለው ጎረቤቱ ብቻ ነው። በጠንካራው ከፊቱ ያሉት ሁሉ ይመሰክሩለታል። ለምሳሌ ከአንድ የሚበልጥ ማንኛውም ቁጥር ወይ ፕራይም ነው ወይ የፕራይሞች ብዜት ነው። ፕራይም ካልሆነ ወደ ሁለት ትንንሾች ይሰበራል፤ ለትንንሾቹ ሁሉ አስቀድሞ ተረጋግጧል፤ አለቀ። ያምራል።

ከዚያ ገጹን ገልብጬ ይሄንን ጻፍኩ።

አባቴ ለማንኛውም ቀን በሕይወት አለ። መነሻ፦ ግንቦት 18 ማንም ምንም አልነገረኝም፣ ስለዚህ አለ። እርምጃ፦ ፈተናው እስካላለፈ ድረስ ዛሬ ያልነገሩኝ ነገም አይነግሩኝም። ስለዚህ ዛሬ ካለ ነገም አለ።

ግን ፈተናው ሰኔ 12 ያልፋል…

ካልተፈተንኩስ? ታምሜያለሁ ብዬ ብተኛስ? ደግሞ ለሚቀጥለው፣ ደግሞ ለሚቀጥለው እያልኩ "እየተዘጋጀሁ ነው" ብልስ? ማን አፉን ይከፍታል? ጋሽ ፀሐዬ ባርኔጣቸውን እያወለቁ ያረጃሉ። አባዬ መንገድ ላይ ይሆናል። ሁልጊዜ መንገድ ላይ።

የተባረረች ተማሪ፣ የማይሞት አባት። ርካሽ ነው።

እሑድ፣ ሰኔ 1

የመኪናውን ባለቤት ደወልኩለት።

"መኪናው አዋሽ ቆሟል፣ በጂፒኤስ ይታየኛል" አለኝ። "ነጥቡ አይንቀሳቀስም።"

"አባቴስ?"

የሆነ ሰው ከጎኑ ሹክ አለው።

"እ… ፈተናሽ መቼ ነው?"

ስልኩን ዘጋሁት። ይሄ ሰው ሰፈራችን ረግጦ አያውቅም። ስለ ፈተናዬ ማን ነገረው?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

አላጠናሁም። ደብተሩን እከፍታለሁ፣ "እውነት ነው እንበል" ይላል፣ እዘጋዋለሁ።

ጋሽ ፀሐዬ የእድሩን የድንኳን ብረቶች ከመጋዘን አስወጥተው ዝገት ያስፍቃሉ። ሳልጠይቃቸው "ለክረምቱ ነው ልጄ" አሉኝ። ሽው ሽው የሚለው ድምፅ ቤቴ ውስጥ ይሰማል። ስወጣ ይቆማል። ስገባ ይቀጥላል።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

እሌኒን ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ወስጄ ከግድግዳው በኩል አስቀመጥኳት፣ እንዳታመልጥ።

"አባቴ መቼ ነው የሞተው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ!" አለች። ከዚያ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

"ምን ማለት ነው 'ምን አውቃለሁ'?"

"አላውቅማ! 'ሊሚ እንዳትሰማ' ብቻ ነው የተባልኩት።"

"ምኑን?"

"አንቺ ደግሞ! እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል እንዴ? 'ሊሚ እንዳትሰማ' አሉኝ፣ 'እሺ' አልኩ፣ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።"

"ማነው ያለሽ?"

"እትዬ ኡሙሀኒ።"

"እሷስ ከማን ሰማች?"

እኔ ሄጄ ልጠይቅ አልችልም፤ ካየችኝ ያንን ፊቷን ነው የምታሳየኝ። እሌኒ ሄደች። ሻዬ እስኪበርድ ጠበቅኩ። ፊቷ አመድ መስሎ ተመለሰች።

"ኡሙሀኒ ከጋሽ ፀሐዬ ነው የሰማችው። ጋሽ ፀሐዬ ከሸምሰዲን።"

"ሸምሰዲንስ?"

"ከእኔ ነው የሚለው።"

"ነግረሽዋል?"

"ነግሬዋለሁ! ግን እኮ ኡሙሀኒ ከነገረችኝ በኋላ ነው፣ ማርያምን! ከእሷ ሰምቼ ነው ለባሏ የነገርኩት!"

ወረቀት አውጥተን አራት ክብ ሣልን፣ ቀስት አደረግንበት። ቀስቱ ዞሮ ራሱ ላይ መጣ። ሁሉም ከሌላው ነው የሰማው። ማንም አልዋሸም። ማንም ደግሞ "ምኑን?" ብሎ አልጠየቀም፤ ነውር ነዋ። አንዱ የሌላውን ፊት አይቶ ሌላው ያውቃል ብሎ አመነ። የመጀመሪያው ሰው የለም።

እርምጃው እንከን አይወጣለትም። መነሻው ግን የለም። "ይሄ ሁሉ ከየት ተነስቶ?"

"በቃ ምንም የለማ!" አለች እሌኒ። "ሄጄ 'ምንም የለም' ልበላቸው?"

"በይ።"

ተነሳች። ቆመች። ተመልሳ ተቀመጠች።

"ካለስ?"

መነሻ የሌለው ማረጋገጫ ነገሩን ውሸት አያደርገውም። ያልተረጋገጠ ነው የሚያደርገው። አባቴ መሞቱ አልተረጋገጠም። መኖሩም አልተረጋገጠም። ስልኩ ዝግ ነው። ነጥቡ አዋሽ ላይ ቆሟል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ይሄንን "ለማንኛውም ቀን በሕይወት ያለ" ሰውዬ ሳስበው ዋልኩ። አይሞትም። አይደውልም። አይመጣም። ሚሪንዳ አምጥቶ "ደበደብሽው?" አይልም። ከነጥብ በምን ይለያል?

ያ ሰውዬ አባቴ አይደለም። አልፈልገውም።

እፈተናለሁ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ገና አሥራ አንድ ተኩል ነው፣ ከሰዓት። ሳይረሳኝ ልጻፍ። እጄ ላይ አሁንም ጭቃ አለ።

ጠዋት ስወጣ ሰፈሩ በሙሉ ደጃፍ ደጃፉ ላይ ቆሟል። "መልካም ፈተና" ያለ አንድ ሰው የለም። ሸምሰዲን ሱቁን አልከፈተም። በመካከላቸው ሳልፍ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እየሄድኩ ነው ወይስ እየተሸኘሁ? የታክሲው ረዳት ብቻ "ግቢ እንጂ እህት፣ ምን ትገተሪያለሽ!" ብሎ ጮኸብኝ። ላቅፈው ነበር።

ፈተናው። አራተኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ "እያንዳንዱ ቁጥር ከቀጣዩ ቁጥር ጋር እኩል ነው። ማረጋገጫ፦ ለአንዱ ቁጥር እውነት ነው እንበል። በሁለቱም በኩል አንድ እንደምር። እነሆ ለቀጣዩም እውነት ሆነ። ስህተቱን አሳዩ።"

ሳቅ አመለጠኝ። ፈታኙ አየኝ። እርምጃው ልክ ነው! አንዱ ከሆነ ቀጣዩም ይሆናል! ግን ማነው አንድ ከሁለት ጋር እኩል ነው ብሎ የጀመረው? ማንም። አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። መቼም እንዲህ ጽፌ አላውቅም።

ከዚያ ጨርሼ ተቀመጥኩ። ወረቀቱ እጄ ላይ እስካለ ድረስ ፈተናው አላለቀም። አዳራሹ ባዶ ሆነ። ፈታኙ አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

"እህቴ፣ አልቋል።"

"አልቋል?"

"አልቋል።"

ሰጠሁት።

ታክሲ አልያዝኩም። በእግሬ፣ በጳውሎስ በኩል፣ ፋርማሲዎቹን አንድ በአንድ እያነበብኩ። ዝናቡ አባርቶ ጭቃ ነው። ወደ ግቢያችን ስታጠፍ አየሁት። ድንኳኑ። መርዶው ነገ ጠዋት ነው የሚሆነው ብዬ ነበር፣ እነሱ ግን "ብቻዋን ከምታድር" ብለው አስቀድመው ተክለውታል። ወንበሮቹ ሞልተዋል። ማንም አያወራም። ፊታቸው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፣ በአንድ ጊዜ።

ከዚያ ወዲያ፣ ከድንኳኑ ማዶ፣ በታችኛው መንገድ በኩል… ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው።

ድንኳኑን አየ። የገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ። ቦርሳው ወደቀ። እኔን አላየኝም።

"ሊሚ ኮ!" ብሎ በኦሮምኛ ጮኸ፣ "ሊሚዬ" ማለቱ ነው። በጉልበቱ ጭቃው ላይ። "ሊሚ ኮ! ልጄን!"

"አባዬ!"

ድንኳኑ በሙሉ ወደ እሱ ዞረ። ወደ እኔ ዞረ። ወደ እሱ። እትዬ ኡሙሀኒ "ቢስሚላህ!" ብላ ከነወንበሯ ወደኋላ ሸሸች። መንገድ ከፈቱልኝ፤ ለእሱ ግን ማንም አይጠጋውም። እኔ ሮጬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፣ እሱ ፊቴን በጭቃ እጁ ይዳብሳል፣ እንደ ዓይነ ስውር። ጋሽ ፀሐዬ ቀስ ብለው መጥተው በሁለት ጣት ክንዱን ነኩ።

"ይሞቃል" አሉ ዞር ብለው፣ ለሰዎቹ።

አባዬ ተነሳ። ድንኳኑን አየ። እኔን አየ።

"ታዲያ ማነው የሞተው?"

ጋሽ ፀሐዬ ሸምሰዲንን አዩ። ሸምሰዲን እሌኒን አየ። እሌኒ ኡሙሀኒን። ኡሙሀኒ ጋሽ ፀሐዬን።

ያን ጊዜ ያደረጉት ነገር ነው እስካሁን ከዓይኔ የማይጠፋው። ሁሉም ተሰብሳቢውን መቁጠር ጀመሩ። ዓይናቸው ከወንበር ወደ ወንበር… ማን ጎድሏል? የማን ልጅ አልመጣም? ድንኳኑ ተተክሏላ። ለአንድ ሰው መሆን አለበት። ደግመው ቆጠሩ። ማንም አልጎደለም። ሸምሰዲን መጀመሪያ ማልቀስ ጀመረ፣ ከዚያ ሁሉም። ማንን እንደሚያለቅሱ ሳያውቁ። ንፍሮውም ተበላ።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

አባዬ ተናገረ። አዋሽ ላይ በዳሳን አገኘው፤ በዳሳም የእኛው ሰፈር ሹፌር ነው፣ ሚስቱ ከዚህ ደውላ 'ሊሚ እንዳትሰማ' ብላዋለች፣ ምኑን ሳትል።

"እጄን ይዞ አልለቅም አለኝ። 'ቀስ ብለህ ንዳ' ብቻ። 'ቤት ደህና ናቸው?' ብለው 'ግባና ታያለህ' አለ።"

"ለምን 'ምን ሆኖ ነው' አላልከውም?"

"ሹፌር መንገድ ላይ መርዶ አይነገረውም። አይጠይቅምም። ቤት ያለኝ አንድ ሰው ነው። ስልኩን ዘጋሁት። መኪናውን አቆምኩት። እስካልደወልኩ፣ እስካልመጣሁ ድረስ… አለሽ።"

ምን ልበለው? ያንኑ ማረጋገጫ፣ ያንኑ እርምጃ፣ በዚያው ሳምንት እሱም ሠርቶታል። ሂሳብ አልተማረም።

"ታዲያ ለምን መጣህ?"

"ፈተናሽ ሰኔ አሥራ ሁለት አልነበር? ካለሽ ከፈተና ስትወጪ ላግኝሽ ብዬ።"

ድንኳኑን ጠዋት ነቀሉት። የብረቶቹ ጉድጓዶች ውሃ ይዘዋል።

ዓርብ፣ ሰኔ 27

ውጤት ወጣ። ሲ። ኢንዳክሽን የሚባለው ሰውዬ በሕግ ፊት ተደብድቧል። ተማሪ ነኝ።

ሰፈሩ ግን አልተመለሰም። አባዬ ሳሙና ሊገዛ ሱቅ ሲቆም ሸምሰዲን አሁንም በሁለት እጁ ነው የሚሰጠው። ትናንት እኔና እሱ ደጃፉ ላይ ቆመን ሳለ ሸምሰዲን ለአንዱ ደንበኛ "ኡርጌሳ እኮ ደግ ሰው ነበር" አለ። ነበር! "ነኝ እንጂ" አለ አባዬ። "አዎ፣ ወላሂ፣ ነህ" አለ ሸምሰዲን ደንግጦ፤ ሳሙናውን እያየ።

ዛሬ ጠዋት ጭነት ይዞ ወጣ። ከአዳማ ደወለ፦ "አለሁ።" ከአዋሽ ደወለ፦ "አለሁ።" ሌላ ቃል የለውም፣ እኔም "አለሁ" እላለሁ፣ እንዘጋለን። ከዚያ ሌላ ስልክ እስኪመጣ ድረስ ያለውን ጊዜ… እሱን ምን ልበለው?

ወሬው እርምጃ ነበረው፣ መነሻ አልነበረውም። አባዬ መነሻ አለው፤ ዛሬ ጠዋት በእጄ ይዤዋለሁ፣ ይሞቃል። እርምጃውን ግን ብሞክር ብሞክር አልወጣልኝም። ዛሬ ካለ ነገም አለ… ለምን? በምን ሕግ? ከፊቱ ያሉትን ቀናት ሁሉ ምስክር ባቆምለትም አልወጣልኝም።

ማረሚያ፦ በግንቦት 29 ቀን በዚህ ደብተር ላይ "አባቴ ለማንኛውም ቀን በሕይወት አለ" ተብሎ የሰፈረው በስህተት ስለሆነ "አባቴ ዛሬ አለ" ተብሎ እንዲነበብ ጸሐፊዋ በአክብሮት ታሳስባለች።